የኩላንት ቱቦ ማገናኛን ቤት ውስጥ የቀየርኩበት መንገድ

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከመኪናዬ ስር አረንጓዴ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጠብታ እያየሁ «ራዲያተሩ አለቀለት» ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። አልነበረም። ወደ ሂተሩ የሚሄዱትን ቱቦዎች የምታገናኘው አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ናት የተሰነጠቀችው። ገና ስነካት እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረች።

ሞተሩ በርዶ ስላደረ የራዲያተሩን ክዳን ያለ ስጋት ከፍቼ ኩላንቱን በባልዲ ተቀበልኩ። ክላምፖቹን በፒንሳ ማላቀቅ ቀላል ነው፤ ያለፋኝ ቱቦው ውስጥ የቀረው ስባሪ ነው። በካቻቢቴ ብቆፍረው ጎማውን ይቀደዋል ብዬ ፈራሁና በቀጭን ፒንሳ እያሽከረከርኩ ሳብኩት። ስብርባሪዋን በፌስታል ይዤ በታክሲ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ የ16 ሚሊሜትር የናስ ቲ አገኘሁ። የቱቦውን ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ስነክረው ለስልሶ ገባልኝ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ክዳኑን ሳልገጥም ሞተሩን አስነሳሁና አረፋው እስኪቆም ኩላንት ጨመርኩ። ውሃ ብቻ የምትሞሉ ሰዎች ግን፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አትርሱ፤ ሞተሩም የሚሠራው እዚያው ሙቀት አካባቢ ነው።

ሳምንት ሆነው፤ ከስር ያነጠፍኩት ካርቶን እስካሁን ደረቅ ነው።