እውነት የሚመስል የጦርነት ፊልም እንዴት ይሠራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ በምትገኝ ጠባብ የኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የተዋጉ አንድ ጡረተኛ አሥር አለቃ፣ እኔና ጓደኞቼ ለወራት የደከምንበትን አጭር የጦርነት ፊልም አብረውን ተመለከቱ። በኮምፒውተር ያቀናበርነው ፍንዳታ ያስደንቃቸዋል ብለን ጠብቀን ነበር፤ እሳቸው ግን ፍንዳታውን በዝምታ አልፈው፣ አንድ ወታደር የውኃ ጀሪካን አንጠልጥሎ ዳገት የሚወጣበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «እስቲ ወደ ኋላ መልሱት» አሉና ደግመው አዩት። «ልጆቼ፣ ይህ ጀሪካን ባዶ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እሱን የያዘ ሰው ወገቡ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፣ ባዶው ክንዱ ሚዛን ፍለጋ ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሲያስቀምጠውም ዘጭ ያደርገዋል። የእኛ ተዋናይ ግን ቀጥ ብሎ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ይራመድ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጦርነት ፊልም ስመለከትም ሆነ ስሠራ ሁለት ነገሮችን እፈልጋለሁ፤ ክብደትንና ጊዜን። በጦር ሜዳ ያለ ነገር ሁሉ ይከብዳል፤ የሚሆነው ነገር ሁሉም የራሱን ሰዓት ይወስዳል። እነዚህን ሁለቱን የደበቀ ፊልም የቱንም ያህል ደም ቢያፈስ ጨዋታ ይመስላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በአነስተኛ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ፊልም ወይም አጭር ተከታታይ ድራማ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ተመልካች ብቻ ለሆነም ሰው የሚያየውን ለመመዘን ይረዳዋል።

በመጀመሪያ፣ ጦርነቱን ሳይሆን አንዱን ቀን ይምረጡ

ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት በጠቅላላው ልናገር ብሎ የተነሳ ጽሑፍ መጨረሻው ንግግርና ሰልፍ ይሆናል። ይልቁንስ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀንና ከአሥር የማይበልጡ ሰዎችን ይያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን ቢመርጡ ለምሳሌ፣ ቦታው ዛሬም በስድስት ኪሎ አለ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሆን፣ የሰማዕታቱ ሐውልትም ከግቢው ውጭ በአደባባዩ ላይ ቆሟል። ሰዓት ይዘው ይሂዱና ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ እስከ ዋናው በር ድረስ ሮጦ ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለኩ። ያ ቁጥር ጽሑፍዎን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገራዋል፤ ምክንያቱም ምጽዋት ሊቀበል ተሰብስቦ የነበረው ድኻ ሕዝብ ለማምለጥ የነበረው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ በእግርዎ ያውቁታል።

ቀን መምረጥ ወቅትን መምረጥም ነው። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በበጋ ነው፤ ሣሩ የደረቀ፣ መሬቱም አቧራማ ሊሆን ይገባል። በመስከረም፣ በአደይ አበባ መካከል የተቀረጸ ዓድዋ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገረው እንኳ ከዓይኑ ጋር ይጣላል። ከዚህ የባሰው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። ለአዲስ አበባ ፊልም ሠሪ ቅርቡ ተራራ እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከዓድዋ ዘመቻ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የ1888 ጦር ረጃጅም ባሕር ዛፎችን ከኋላው አሰልፎ ሲዘምት ማሳየት ትልቅ ስሕተት ነው። ወይራና ጽድ የቀሩበትን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አካባቢ ይፈልጉ፤ ካልሆነም ካሜራውን ዝቅ አድርገው ድንጋይና ሰማይ ብቻ ያሳዩ።

መሣሪያውም እንደዚሁ ዘመኑን ይከተላል። አባቶቻችን ውጅግራ ይሉት የነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይት የሚጎርሰው አንድ በአንድ ነው፤ የሚጠቀመውም ጥቁር ባሩድ ስለነበር በተተኮሰ ቁጥር ነጭ ጢስ ይተፋል፣ ተኳሹም ያለበት ቦታ ይታወቅበታል። ይህን ያወቀ ጸሐፊ በአንድ ተኩስና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ያገኛል፤ እጅ ወደ ዝናር ሲሄድ፣ ጣት ሲንቀጠቀጥ፣ ጢሱ ሳይገለጥ ጠላት ሲቀርብ። ክላሽ በያዘ ወታደር ዘመን ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ 30 ጥይት የያዘ አንድ ካዝና ቃታው ተስቦ ከተያዘ በ3 ሰከንድ ያልቃል። ካዝና ሳይቀይር ግማሽ ደቂቃ የሚተኩስ ጀግና ስናይ የምንሰለቸው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ፣ የነበረውን ሰው ይጠይቁ

ጽሑፍና ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ በዚያው በስድስት ኪሎ ግቢ ያገኛሉ። ሕያው ምስክር ግን ጊዜ አይሰጥም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ የተዋጉት ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ በየሰፈሩ፣ በየዕድሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ይገኛሉ።

«ውጊያው እንዴት ነበር?» ብለው አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሲደጋገም የኖረና መልሱም የተዘጋጀ ነው። ምን በላችሁ? በሶው በምን ተበጠበጠ? ጫማ ስንት ቁጥር ደረሰህ፣ ካልሆነህስ ምን አደረግህ? ሌሊት ማን ከማን ጋር ተጠጋግቶ ተኛ? ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ማን ነበር? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ለቃለ መጠይቅ አድራጊው ሳይሆን ለራሳቸው ትዝታ የሚመለሱ ናቸውና እውነቱ በእነሱ በኩል ይወጣል። ለሰዎቹ እንደየዕድሜያቸው ጋሼና እትዬ እያሉ፣ ቡናው እስኪፈላ ታግሠው ያዳምጡ፤ ሲያቆሙ ያቁሙ፤ የሞተ ጓደኛ ስም ሲነሳ መቅረጫውን መዝጋት ከሚገኘው ትዕይንት ይበልጣል።

ከንግግራቸው ደግሞ የአነጋገር ወጉን ይውሰዱ። የ1888 ወታደር ፊታውራሪውን «ጌታዬ» ይላል፣ የ1970ው «ጓድ ሻምበል» ይላል፤ ሁለቱም እንደ ዛሬ የአራዳ ልጅ አይናገሩም። በሁለቱም ጦር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛና ሌላም ቋንቋ የሚናገር ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም እኩል ንጹሕ የሬዲዮ አማርኛ ሲናገር መስማት ሠራዊቱን ወረቀት ያደርገዋል።

ከዚያ ክብደቱን ወደ ተዋናዩ ሰውነት ያስገቡ

እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» በተሰኘው የአሜሪካ የጦርነት ፊልም ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን ከቀረጻው በፊት በአንድ ጡረተኛ የአሜሪካ ባሕር ወለድ መኮንን ሥር ለቀናት እንደ ምልምል ወታደር ሠልጥነዋል፤ በታሪኩ ውስጥ ሌሎቹ ፍለጋ የሚወጡለትን ወታደር የተጫወተው ተዋናይ ግን ሆን ተብሎ ከሥልጠናው እንዲቀር ተደርጓል፤ ሌሎቹ ደክመው እሱ ባለመድከሙ የሚሰማቸው ቅሬታ ፊታቸው ላይ እንዲቀር። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ ግን እንጦጦ አለን። ተዋንያንዎን ለአንድ ሳምንት ጎሕ ሳይቀድ ይዘው ይውጡ፤ ስንቅና ውኃቸውን ራሳቸው ይሸከሙ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የሚቆራረጥ ትንፋሽ በየትኛውም የትወና ትምህርት ቤት አይገኝም።

አስመስሎ የተሠራው ጠመንጃም መክበድ አለበት። ክላሽ ከሙሉ ካዝናው ጋር ወደ 4 ኪሎ ግራም ይጠጋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደው ከብረት ቀጥቃጮቹ ጋር ይነጋገሩ፤ ከእንጨት የተጠረበውን ውስጡን ቦርቡረው ቁርጥራጭ ብረት ሲሞሉበት ክንዱ ራሱ መተወን ይጀምራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተዋናዩ ማንም ሳይነግረው ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዛውራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በከተማ ውስጥ ከማንቀሳቀስዎ በፊት ግን ፈቃድ ያውጡ፣ ለአካባቢው ፖሊስም ያሳውቁ።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምናለሁ፤ እውነተኛ ጥይት በቀረጻ ቦታ አይግባ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አደጋ የለውም ተብሎ ለልምምድ ከተሰጠ ሽጉጥ በወጣ እውነተኛ ጥይት አንዲት የካሜራ ባለሙያ ሕይወቷ አልፏል። ድምፅ ብቻ የሚያሰማው ጥይት እንኳ በቅርብ ርቀት ይገድላል። የአፈሙዙን ብልጭታ በኋላ በኮምፒውተር መጨመር ይቻላል።

ድምፁን በጊዜው ያስቀምጡ

ብዙ ድካም የማይጠይቀው፣ ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ይህ ነው። በክረምት ምሽት ፒያሳ ሆነው እንጦጦ ላይ መብረቅ ሲበርቅ ካዩ፣ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መድፍም እንዲሁ ነው። በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚፈነዳ መድፍ ብልጭታው ታይቶ፣ አቧራው ተነሥቶ፣ ወደ 6 ሰከንድ ከሚጠጋ ጸጥታ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። በፊልም ውስጥ ግን ምስሉና ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይደርሳሉ። ያን ጸጥታ መልሰው ያስገቡት፤ ተመልካቹ በዚያ 6 ሰከንድ ውስጥ የሚሰማውን መጨነቅ ሙዚቃ አይሰጠውም።

የጥይት ድምፅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ከድምፅ ሁለት እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ስለሚሄድ፣ በ300 ሜትር ርቀት ላለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው በጆሮው አጠገብ እንደ አለንጋ የሚጮኸው የጥይቱ ማለፍ ነው፤ የጠመንጃው ድምፅ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተከትሎ ይመጣል። ነባር ወታደር በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ተኳሹ ምን ያህል እንደራቀ ይገምታል፤ ምልምሉ ግን ዞር ብሎ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያያል። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ በሁለት ተዋንያን ፊት ላይ ቢያሳዩ ማን ነባር፣ ማን አዲስ እንደሆነ ያለ ንግግር ይታወቃል።

ስለ ካሜራው አጭር ቃል

ሁሉም ነገር እንዲንቀጠቀጥ ማድረግ እውነት አያመጣም። ካሜራው ቆሞ የሚቀርጽበትን ቦታ ሲመርጡ «እዚህ ቦታ ሰው ቆሞ ይተርፍ ነበርን?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልተረፈ ካሜራውን ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡት። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀርጹ የተለመደው የሸተር ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ፣ 1/48 ሰከንድ ነው፤ ከላይ በጠቀስሁት ፊልም የባሕር ዳርቻው ውጊያ ይህ ጊዜ አጥሮ ስለተቀረጸ እያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ጥርት ብሎ ይታያል። ዛሬ ማንኛውም ካሜራ ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ዓይን ይለምደዋልና።

ቁስልና ሞት ጊዜ ይወስዳሉ

በ1928ቱ ጦርነት ጣሊያን ስለተጠቀመው የመርዝ ጢስ በተሠሩ ትዕይንቶች ውስጥ ሰዎች ጢሱ እንደነካቸው ጉሮሯቸውን ይዘው ሲወድቁ አያለሁ፤ ልቤን ያሳዝነዋል፣ ምክንያቱም እውነቱ ከዚህ የከፋ ነበር። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከአውሮፕላን ይረጭ የነበረው ኢፔሪት የተባለ መርዝ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ሕመም አይሰጥም፤ መቅላቱና መቁሰሉ የሚጀምረው ከሁለት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትዕይንቱን እንዲህ ይጻፉት፤ አውሮፕላኑ ያልፋል፣ ዝናብ የመሰለ ነገር ይወርዳል፣ በባዶ እግሩ የሚሄደው ዘማች እርጥቡን ሣር ረግጦ ያልፋል፣ ከወንዙም ይጠጣል፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይጫወታል። እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ጠዋት እግሩን ሲያይ ያሳዩን።

የቆሰለ ሰውም ሸክም ነው፤ በቃሬዛ የሚወጣ አንድ ሰው አራት ተሸካሚ ከውጊያው ያስወጣል፣ እነሱም እየተፈራረቁ ይደክማሉ። የተጠማ ሠራዊት ሌላው ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር የተበገረው በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ውኃው ስለተያዘበት ነው፤ አንድ ሙሉ ክፍል በአንዲት ኮዳ ዙሪያ መሥራት እንደሚቻል ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ተከታታይ ድራማ ከሆነ

ተከታታይ ድራማ የሚሰጥዎ ትልቁ ሀብት መጠበቅን ማሳየት መቻሉ ነው። ወታደር ከሚዋጋበት ይልቅ የሚጠብቅበት ጊዜ ይበዛል፤ አንዱን ክፍል ምንም ጥይት የማይተኮስበት ያድርጉት። በ2001 እ.ኤ.አ. የቀረበው ባለ 10 ክፍሉ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» አብዛኞቹን ክፍሎች የሚከፍተው በእውነተኞቹ አዛውንት ዘማቾች ቃል ነው፤ እኛም አዛውንቶቻችንን ልንቀርጽ የምንችልበት ጊዜ አሁን ነው። ልብሱ ከክፍል ወደ ክፍል ይደብዝዝ፣ ጢሙ ይደግ፣ የሞተው ሰው ጋቢ በሌላው ትከሻ ላይ ይታይ።

በመጨረሻ፣ ሳይጠናቀቅ ያሳዩ

ሥራው ገና ሊስተካከል በሚችልበት ጊዜ በዚያ ጦርነት የነበረ ሰው ይጋብዙ። ከኋላ ሳይሆን ከጎን ይቀመጡና ስክሪኑን ትተው የሰውየውን እጅ ይመልከቱ። እጁ ወንበሩን የያዘበትን ደቂቃ ይጻፉ፤ ወደ ስልኩ ወይም ወደ በሩ የዞረበትንም ይጻፉ፤ «እስቲ ወደ ኋላ መልሱት» ካለ ግን አስተያየቱን እስኪጨርስ ቃል አይተንፍሱ። እኛ ያን ትዕይንት በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተን እንደገና ቀረጽነው፤ ተዋናዩ ዳገቱን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ አረፈ፣ ሦስቱንም ዕረፍቶች በፊልሙ ውስጥ ተውናቸው።