የውሻ ዕድሜ በሰው ዕድሜ ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡቺን ከኮምቦልቻ ሳመጣት ሐረጎን እስክንወጣ ድረስ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። ደሴ ስንደርስ እናቴ «ዓመቷን በሰባት አባዢው፤ ዓመት ሲሞላት የሰባት ዓመት ልጅ ትሆናለች» አለችኝ። ሕፃን ናት ብለን ሳንጠብቃት በ8 ወሯ አረገዘች። ራሷ ሳትጠና አምስት ቡችላ ማጥባት ነበረባት፤ ጎኗ ገብቶ የጎድን አጥንቷ እስኪቆጠር ከሳች።

በሰባት ማባዛት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ገና የወተት ጥርሷን እየቀየረች ነው፤ ውሻ ግን በ7 ወሯ ቀይራ ትጨርሳለች። የእንስሳት ሐኪሞች የመጀመሪያውን ዓመት 15 አድርገው ይይዙታል፤ ሁለተኛው 9 ይጨምራል። ሁለት ዓመት የሞላው ውሻ እንግዲህ እንደ 24 ዓመት ወጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በየዓመቱ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ገደማ ይደመራል።

ሁሉንም ውሻ በአንድ ሚዛን ማስላትም ያሳስታል። በተለመደው ሰንጠረዥ 10 ዓመት የሞላው ትንሽ ውሻ 56፣ መካከለኛው 60፣ ትልቁ 66 ገደማ ነው። ግቢ ይጠብቅልን ብለን የምናሳድገው ግዙፍ ውሻ ቶሎ ያረጃል፤ ጉልበቱን አይተን ገና ጎረምሳ ነው እንላለን እንጂ ከጎረቤት ትንሽ ውሻ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።

ሌላው በዘመን መለወጫ መቁጠር ነው። ነሐሴ የተወለደ ቡችላ መስከረም ሲጠባ «ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ» ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዱ ወር ከሰው አንድ ዓመት ስለሚበልጥ በወር ይቁጠሩ። የተወለደበት ቀን ካልታወቀ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን ይዩ፤ ክራንቻው ተለውጦ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አፉ ዙሪያ የሚወጣው ሽበት ግን አያስተማምንም፤ ገና በወጣትነታቸው የሚሸብቱ አሉ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዘረመል ላይ የሚታየውን የእርጅና ምልክት አጥንተው አዲስ ቀመር አውጥተዋል፤ በእሱ የአንድ ዓመት ውሻ 31 ይሆናል። ጥናቱ የተሠራው ላብራዶር በሚባለው ዝርያ ላይ ስለሆነ ለሐበሻ ውሻ እንዳለ አይውሰዱት።

«ሕፃን ነው» ብሎ ክትባት ማዘግየትን ደግሞ እባካችሁ ተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመራል፤ ዓመት ሲሞላው ይደገማል።

ቡቺ ዘንድሮ 9 ዓመቷ ነው፤ በሰው 60 እየተጠጋች ነው። ጠዋት ስትነሳ የኋላ እግሮቿ ቶሎ አይታዘዙላትም። የደሴ ብርድ ኅዳር ላይ ሲጠና ከውጭ በር አንስተናት ኩሽና ውስጥ ምድጃው አጠገብ ማዳበሪያ አንጥፈንላታል።