በክብር ደንብ ስም ስንቀጣ የምንሰራቸው ስህተቶች

ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ቡናችንን የምንጠጣው አራት ኪሎ ነው፣ ባለፈው እሁድም እዛው ቁጭ ብለን ጋሼ ከምንላቸው አንድ ጡረተኛ መኮንን ጋ ክርክር ገጠምን። ጋሼ ሐረር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች ጊዜ የተማሩ ሰው ናቸው፣ እስከዛሬ ሸሚዛቸው ሳይተኮስ ከቤት አይወጡም። ነገሩ የተነሳው የጎረቤታችን ልጅ ዕጩ መኮንን ሆኖ ሊገባ መሆኑን ስንነግራቸው ነው። "ይግደልህ እንጂ እንዳትዋሽ በሉት፣ አንዴ የዋሸ መኮንን ሁለተኛ አይታመንም፣ ማሰናበት ነው" አሉ።

እኔም ውሸት ይለፍ አላልኩም። ስንት ጥይት እንደቀረው አሳስቶ የሚነግርህ ጓደኛ ሰው ያስገድላል፣ ስለዚህ ወታደር ቤት ከሌላው ትምህርት ቤት በላይ ጥብቅ ቢሆን ትክክል ነው። ያልኩት ጥብቅ መሆንና ፍትሃዊ መሆን አንድ አይደሉም ነው። ይሄን የምለው ደግሞ ከወንበሩ ስለማውቀው ነው፣ እዚሁ መሀል ከተማ አንድ ኮሌጅ ስማር የተማሪ ተወካይ ሆኜ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ስለነበር ያኔ እጄን አውጥቼ የደገፍኩት አንድ ውሳኔ እስካሁን አይለቀኝም። እሱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ከታች የማነሳቸው ምሳሌዎች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚዎች ናቸው፣ ምክንያቱም የእነሱ ስህተት በአደባባይ ተመርምሮ ስለወጣ መማር ይቻላል። ዌስት ፖይንት የሚባለው የምድር ጦሩ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1802 የተቋቋመ ነው፣ የክብር ደንቡም አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ ካዴት (ዕጩ መኮንን ማለት ነው) አይዋሽም፣ አያጭበረብርም፣ አይሰርቅም፣ እነዚህን የሚያደርግንም ዝም ብሎ አያልፍም። እንዲህ አጭር ነው፣ ችግሩ ሁሉ የሚመጣው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ሰውየውን ሳይሰሙ መወሰን

ይሄ ግልጽ ይመስላል ግን በጣም የሚበዛው ይሄ ነው። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ሁሉም በየቡናው ወሬውን ሰምቶ ጨርሶ ይመጣል፣ ልጁ ሲገባ የሚጠየቀው "ለምን አደረግከው" ነው እንጂ "አድርገኸዋል ወይ" አይደለም። እዛ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ የዌስት ፖይንት ካዴት የጥፋት ነጥብ ስለበዛበት ከመባረሩ በፊት በአካል ቀርቦ የመሰማትና ምስክር የማቅረብ እድል ሊሰጠው ይገባል ብሎ ወስኗል፣ ጠበቃ ክፍሉ ውስጥ ይግባ አላለም፣ ይሰማ ብቻ ነው ያለው። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ክሱን በዝርዝር የማወቅ፣ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹህ ሆኖ የመገመት፣ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ይሰጣል። እሱ የወንጀል ክስን የሚመለከት ነው አውቃለሁ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፍርድ ቤት አይደለም የሚለውንም ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ግን የልጅን ሙሉ የወደፊት ኑሮ የሚቆርጥ ጠረጴዛ ቢያንስ ክሱን በወረቀት ጽፎ ከስብሰባው ቀናት በፊት ቢሰጠው ምን ይጎዳዋል?

ያመነውን መቅጣት፣ የካደውን መልቀቅ

አሁን የራሴን ልናገር። ሁለት ልጆች በአንድ ፈተና ላይ ተመሳሳይ የተሳሳተ መልስ ጻፉ፣ ስሌቱ እንኳን አንድ ቦታ ላይ ነው የተበላሸው። ሁለቱም ተጠሩ። አንደኛው ገብቶ ገና ሳይጠየቅ "አዎ ኮርጄያለሁ፣ ይቅርታ" አለ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው "እኔ ማንንም አላየሁም፣ ማስረጃ ካላችሁ አምጡ" አለ። እኛ ምን አደረግን? ያመነውን አንድ ዓመት አገድነው፣ የካደውን በማስረጃ እጥረት ለቀቅነው። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ነበር፣ አንዱ ላይ የእምነት ቃል አለ ሌላው ላይ የለም፣ በቃ። እጄን አወጣሁ። ሲወጣ ያመነው ልጅ ኮሪደሩ ላይ ያየኝ አስተያየት ግን ይኸው ከዚያ ወዲህ አብሮኝ አለ፣ ምክንያቱም በዛች ቀን እዛ ክፍል ውስጥ ደንቡ የሚፈልገውን ያደረገ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

እኛ አገር ይሄ ነገር ስር አለው። ግምገማ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ግለ ሂስ አድርግ ይባላል፣ ታደርጋለህ፣ ከዛ የተናገርከው ራሱ ክስ ሆኖ ይመለስብሃል። ስለዚህ ሰው የሚማረው መታረምን ሳይሆን አለመናዘዝን ነው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚለው ተረት ጥሩ ነው፣ ግን እውነት የተናገረ ሁሌ ከደጅ የሚያድር ከሆነ ማን ይናገራል።

ዌስት ፖይንት ይሄን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ነገር ሞከረ፣ ጥፋቱን ያመነ ካዴት እንዳይባረር በተሃድሶ ፕሮግራም እንዲያልፍ አደረገ። ከዛ በግንቦት 2020 በኮቪድ ምክንያት በኦንላይን በተሰጠ የካልኩለስ ፈተና ላይ 73 ካዴቶች በማጭበርበር ተጠረጠሩ። ብዙዎቹ አመኑ፣ ግን መቼ? ከተያዙ በኋላ። አካዳሚውም በሚቀጥለው ዓመት ፖሊሲውን አነሳው፣ ያሰበውን ውጤት አላመጣም ብሎ። ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው "አየህ፣ ምህረት አይሰራም" የሚል ነው፣ እኔ ግን እንደዛ አላየውም። ችግሩ በራሱ እግር መጥቶ የተናገረውንና ማስረጃው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያየውን ሰው በአንድ በር ማስገባቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንዲለዩ ደንቡ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፦ ማንም ሳይጠይቀው የተናገረ ይሄን ያገኛል፣ ተጠይቆ ወዲያው ያመነ ይሄን፣ ክዶ በማስረጃ የተረታ ይሄን። እኛ ኮሚቴ ውስጥ እንዲህ የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ ዓመቱን አያጣም ነበር።

ጋሼ እዚህ ላይ ዝም አሉና "የኛ ጊዜ ቀድሞ የመጣውን ይምሩት ነበር፣ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም፣ አዛዡ ደግ ከሆነ ነው" አሉ። እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ ምህረቱ በአዛዡ ጸባይ ላይ አይንጠልጠል።

ለሁሉም ጥፋት አንድ ቅጣት

ቨርጂኒያ ሚሊተሪ ኢንስቲትዩት የሚባለው ትምህርት ቤት ቅጣቱ ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፣ መባረር። ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ከባድ ነበር፣ ሌሊት ከበሮ እየተመታ ካዴቱ ሁሉ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ የተባረረው ልጅ ስም ይጠራል፣ ከዛ በኋላ ስሙ እንዳይነሳ ይባል ነበር። ሲሰሙት ጥብቅና ክቡር ይመስላል። ግን ቅጣቱ አንድ ብቻ ሲሆን ዳኛው ምን ያደርጋል? ጥፋቱ ትንሽ ነው ብሎ ያሰበ ጊዜ ልጁን ላለማጥፋት ጥፋተኛ አይደለም ይላል፣ ማለትም ለእውነት የተሰየመ ችሎት ራሱ ይዋሻል፣ ወይ ደግሞ ጨክኖ ትንሿንም በትልቁ ይመታል። ሁለቱም አያምርም።

ዌስት ፖይንት ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የሆነውን ማየት ነው። ወደ ክፍላቸው ይዘውት ሄደው እንዲሰሩት በተሰጠ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ፈተና ላይ ተረዳድተው ሰሩ ተባለ፣ ከ150 በላይ ካዴቶች ከትምህርት ቤቱ ወጡ። ከዛ የጨረቃው ተጓዥ ፍራንክ ቦርማን፣ እሱም የዛው ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው፣ የሚመራው ኮሚሽን ተቋቋመና በታህሳስ 1976 ሪፖርቱን አቀረበ፣ ሁሉንም ጥፋት በግዴታ መባረር መቅጣት ይቅር አለ። ከወጡት ውስጥም አብዛኞቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሰው ገቡ። በ2020ው ጉዳይም 8 ተባረሩ፣ 51 ደግሞ ሙሉ ዓመት ወደኋላ ተመለሱ፣ ይሄ ቀላል ቅጣት አይደለም፣ ግን ልጁን አይጥለውም።

ፈተናውን ማን እንዳወጣው አለመጠየቅ

ይሄኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ዌስት ፖይንት ወደ 90 የሚጠጉ ካዴቶችን በፈተና ማጭበርበር አሰናበተ፣ ከነሱ መሀል በርከት ያሉት የእግር ኳስ ቡድኑ ተጫዋቾች ነበሩ (የአሜሪካውን እግር ኳስ ማለቴ ነው)፣ የአሰልጣኙ ልጅ ራሱ አንዱ ነበር። ግን ፈተናው እንዴት ነበር የሚሰጠው? ካዴቶቹ በሁለት ሬጅመንት፣ ማለትም በሁለት ትልልቅ ቡድን፣ ተከፍለው አንድ አይነት ጥያቄ ለአንዱ ዛሬ ለሌላው ነገ ይሰጥ ነበር። በ1976 ወደ ክፍል ይዞ የሚኬድ ፈተና፣ በ2020 ኦንላይን። ሦስቱም ላይ በሩን ክፍት ያደረገው ተቋሙ ነው። ይሄ የኮረጀውን ነጻ አያወጣውም፣ የቦርማን ኮሚሽንም አላወጣቸውም፣ ግን አካዳሚውም የጥፋቱ ተካፋይ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። አንድ ልጅ ሲኮርጅ የልጁ ጸባይ ነው፣ መቶ ልጅ ሲኮርጅ ግን የአሰራር ችግር አለ ማለት ነው፣ እና ኮሚቴ ሆናችሁ የምትቀመጡ ሰዎች ከልጆቹ ጋ መምህሩንም ጥሩት፣ ጥያቄው ካምና ተደግሞ ከሆነ፣ ፈታኝ ሳይኖር ከሆነ፣ እሱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ካልሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መቶ ልጅ ይመጣላችኋል።

ያልጠቆመውን ከኮረጀው እኩል ማየት

"ዝም ብሎ አያልፍም" የሚለው ሐረግ ላይ ነው የምለው። ጓደኛህ ሲኮርጅ አይተህ ካልተናገርክ አንተም ጥፋተኛ ነህ። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ነገ ሰው የሚመራ መኮንን የጓደኛውን ጥፋት የሚሸፍን ከሆነ ነገ የተገደለ ሲቪልም ይሸፍናል። ግን እኛ አገር ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ምን አይነት ጠባሳ እንዳለው የቀበሌ ጊዜን ያለፈ ሁሉ ያውቃል፣ ጓደኛውን ያስበላ ተብሎ ሰፈር ውስጥ ለዘላለም የሚታወቅ ሰው አለ። ስለዚህ ይሄን ደንብ እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ አይሰራም።

አናፖሊስ ያለው የባህር ኃይል አካዳሚ መንገዱን ለየት አድርጎታል፣ እዛ ያየ ሰው የግድ ሄዶ ማመልከት የለበትም፣ መጀመሪያ ልጁን ራሱን አነጋግሮ መምከርም ይችላል። ለኛ ይሄ የሚቀርብ ይመስለኛል፣ ሽምግልናን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፣ ጠርተህ "አይቼሃለሁ፣ ራስህ ሄደህ ተናገር፣ ሦስት ቀን አለህ" ማለት። ጋሼም ይሄን ወደዱት።

ለአንዱ ልጅ ለአንዱ የእንጀራ ልጅ

አጭር ነው ግን ሁሉን ያፈርሳል። የጄኔራል ልጅ ሲሆን ጉዳዩ "እየታየ ነው"፣ የገበሬ ልጅ ሲሆን በሳምንት ያልቃል። አማርኛው የሚሰበርበት ልጅ ሲያስረዳ እንደዋሸ ይቆጠራል፣ አፉ የሚፈታለት ይታመናል። መድኃኒቱ የተከሰሱትን፣ የተባረሩትንና የተለቀቁትን በየዓመቱ ቆጥሮ ከየት እንደመጡ ማየት ነው። ስም አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ብቻ ይናገራል።

ነጻ ያሉትን ሰው መቅጣት

ዌስት ፖይንት ውስጥ ዝምታ የሚባል ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ካዴት ፈተና ላይ ጊዜው ካለቀ በኋላ ጽፏል ተብሎ የካዴቶቹ ኮሚቴ ጥፋተኛ አለው፣ ጉዳዩ ግን በአሰራር ስህተት ወደቀና አልተባረረም። ጓደኞቹ ግን ፍርዱን በራሳቸው ፈጸሙ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ለብቻው በላ፣ ለብቻው ተኛ፣ ከሥራ ጉዳይ ውጪ ማንም አላናገረውም። በ1973 ተመረቀ፣ ልማዱም በዛው ዓመት ቀረ። መሶብ ላይ አብሮ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ከእስር አያንስም።

በ2020ው ጉዳይም ከ73ቱ ውስጥ 4ቱን የራሳቸው ጓደኞች ያሉበት ቦርድ ነጻ ብሏቸዋል፣ በ2ቱ ላይ ደግሞ ክሱ በማስረጃ ማነስ ተቋርጧል። "73 ካዴቶች" የሚለው ዜና ግን ዓለምን ዞረ፣ የነዚህ 6 ልጆች ነጻ መውጣት ያን ያህል አልዞረም። እኛ ጋም እንዲሁ ነው፣ ክሱ ሰልፍ ላይ በማይክ ይነገራል፣ ነጻ መባሉ ግን በታሸገ ደብዳቤ ለልጁ ብቻ ይሰጠዋል። ክሱ ሰልፍ ላይ ከተነበበ ነጻ መባሉም እዛው ሰልፍ ላይ፣ በዛው ማይክ፣ በዛው ሰው አፍ ይነበብ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነም እዛው ሰሌዳ ላይ፣ ለዛው ያህል ቀን ይለጠፍ።