ደህና ክሬም እንዴት ይመረጣል? ፊቴን ካበላሸሁ በኋላ የተማርኩት

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ፀጉር የምሠራበት ቤት ያለች ልጅ አይታኝ «ለዚህማ እኔ ጋ መድኃኒት አለልሽ» አለችኝ። ነጭ ክዳን ያላት፣ ምንም ያልተጻፈባት ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ። በሁለተኛው ሳምንት ያየኝ ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ጀመር።

በአምስተኛው ወር ነገሩ ተገለበጠ። ጉንጬ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች መታየት ጀመሩ። አገጬ ላይ ፀጉር በቀለ፣ ብጉርም ወረረኝ። ክሬሙ አልቆብኝ ሳቆም ፊቴ ሚጥሚጣ እንደነሰነሱበት ተቃጠለ። ስቀባው ይበርድልኛል፣ ሳቆመው ይብስብኛል። የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ ፊቴን ትንሽ አየና «ስቴሮይድ ማን አዘዘልሽ?» አለኝ።

ተመልሼ ልጅቷን ጠየቅኳት። መሳቢያዋን ከፈተችና ሁለት ቱቦ አወጣች። ከሁለቱ እየጨመቀች ቀላቅላ ነው የምትሸጠው። አንደኛው ላይ «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 ፐርሰንት» ይላል። ይህ ቆዳ ላይ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች (መቅላትና ማሳከክ ከሚያበርዱ መድኃኒቶች) እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም ያዘዋል። ያውም በስሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ፊት ላይ ደግሞ አይመከርም። እኔ ጠዋትና ማታ አምስት ወር ተቀብቼዋለሁ። ልጅቷ ልትጎዳኝ አስባ አልነበረም፤ ራሷም ትቀባው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለልጆቼም ዕቃ የምመርጠው እንደሚከተለው ነው።

1. ስም የሌለውን አትግዙ

«ሚክስ» የሚባለውን፣ በባዶ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጠውን፣ በቴሌግራም «ለአንቺ ብዬ አዘጋጅቼልሻለሁ» የሚባለውን ሁሉ ተዉት። ቢበላሽባችሁ ሐኪሙ ምን እንደተቀባችሁ በእርግጠኝነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

2. ጀርባውን አንብቡ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ ሆን ተብሎ የተደበቀ እስኪመስል ድረስ ያንሳል። ሱቁ ውስጥ ዓይናችሁን አታድክሙ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩት። ባለሱቁ ካልወደደው ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ዝርዝሩ «ኢንግሪዲየንትስ» ከሚለው ቃል በኋላ ይጀምራል። በብዛት ያለው ፊት ይጻፋል፤ ወደ መጨረሻ ሲሄድ መጠኑ እያነሰ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት «እሬት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ሎሽን፣ ጀርባው ላይ እሬቱ መጨረሻ ከተጠቀሰ ያለው በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው።

ረጅም ስም ሁሉ መርዝ አይደለም። «አኳ» ውሃ ነው። «ቶኮፌሮል» ቫይታሚን ኢ ነው። ብዙ ሰው ፓራበን የሚለውን፣ ክሬም እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ማቆያ፣ ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ግን ውሃ ያለበት ክሬም ጨርሶ ማቆያ ሳይኖረው ሲቀር የበለጠ እፈራለሁ፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባበታልና። ፊት ለሚያቀላ ክሬም መፈለግ ያለባችሁ ሦስት ነገሮችን ነው።

የመጀመሪያው ስቴሮይድ ነው። «ክሎቤታሶል»፣ «ቤታሜታዞን»፣ «ፍሉኦሲኖናይድ» የሚሉ ስሞችን ካያችሁ በእጃችሁ ያለው መድኃኒት ነው። ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ እኔን እንዳደረገኝም ያለ እሱ መኖር እንዳትችሉ ያደርጋል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ከሚያቀሉ ኮስሞቲክሶች ውስጥ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አሜሪካም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ሐኪም እየተከታተለ ለማድያት ሊያዘው ይችላል። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ሊያጠፉት የፈለጉትን ጥቁረት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፣ በማኅፀን ላለ ጽንስም ይተላለፋል። ቆዳ ላይ ብቻም አይቀርም። ይተናል፤ ፎጣና ትራስ ላይ ይቀራል። እናት ተቀብታው ያልተቀባ ሕፃን ሊመረዝ ይችላል። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር በወጣው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከ2020 በኋላ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት ክሬም መመረትም ሆነ ከአገር አገር መሻገር አልነበረበትም። ግን አሁንም ይሸጣል። ዝርዝሩ ላይ ከተጻፈ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ወይም «አሞኒየትድ ሜርኩሪ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አይጻፍም። ያን ጊዜ የአጠቃቀም መመሪያውን እዩ። «ከወርቅ፣ ከብርና ከጎማ ጋር እንዳይነካካ» የሚል ካገኛችሁ አትግዙት። ሜርኩሪ ከወርቅና ከብር ጋር ስለሚዋሃድ ነው እንዲህ የሚጻፈው። ቀለበታችሁን የሚያበላሽ ነገር ፊታችሁ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ዝርዝሩ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ሌላ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ የአምራቹ ሙሉ አድራሻ፣ የባች ቁጥሩ (የምርቱ ዙር መለያ) እና የማብቂያ ቀኑ መኖራቸውን እዩ። ኮስሞቲክስም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው፤ አዋጁ ቁጥር 1112/2011 ነው። ደረሰኝ ከሚሰጥ ፋርማሲ ወይም ሱቅ ግዙ። ችግር ሲመጣ አቤት የምትሉበት ማስረጃ እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ፍጥነቱን ተጠራጠሩ። የላይኛው ቆዳችን ራሱን ለማደስ አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ማድያት በትክክለኛ ሕክምናም ቢሆን ወራት ይፈጃል። በአምስት ቀን የሚያጠራ ክሬም ካገኛችሁ ውስጡ ያለውን ጠርጥሩ። እኔ በሳምንቱ ፊቴ ሲጠራ መደንገጥ ሲገባኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

3. ፊት ለፊት የተጻፈውን እለፉት

«ናቹራል»፣ «ኸርባል»፣ «በሐኪሞች የተፈተነ» የሚሉት ለመሸጫ ናቸው። «ሃይፖአለርጀኒክ» የሚለው ቃል በአሜሪካ እንኳ የሕግ መለኪያ የለውም። ሽቶ ለማይስማማው ሰው ግን አንድ ልዩነት ልንገራችሁ። «አንሰንትድ» የሚለው ሽታውን የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ሊኖረው ይችላል። የሚፈለገው «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚለው ነው። ለሕፃናት ሁሌም እሱን እመርጣለሁ።

4. ክንዳችሁ ላይ ሞክሩ

ክርናችሁ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል፣ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ቀቡት። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ፊታችሁ አይነካ። የፀጉር ቀለም ከሆነ በሁለት ቀን ቀድማችሁ ሞክሩ፤ ከዚህ በፊት ተስማምቶኛል ብላችሁ አትዝለሉት። አለርጂ በአሥረኛው ጊዜም ሊጀምር ይችላል።

5. ፀጉር፣ ሂናና ኩል

እውነተኛ ሂና ቀለሙ ከብርቱካናማ እስከ ቡና ነው። በግማሽ ሰዓት ከሰል የሚመስል «ጥቁር ሂና» ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒ ፒ ዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል አለ። ሠርግ ላይ የተቀቡት እጅ አቃጥሎ ጠባሳ ጥሎ ሲሄድ አይቻለሁ። ኩል ሲሆን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዱቄት አትግዙ፤ አንዳንዱ የሚፈጨው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው። ለሕፃን ዓይን ጨርሶ ይቅር።

ሪላክሰር (የፀጉር ማለስለሻ) የምትጠቀሙ ከሆነ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትቀቡት ቀንሱ። በአሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለና በ2022 የወጣ ጥናት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙት ላይ የማኅፀን ካንሰር ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቷል። ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ አልተረጋገጠም፤ ለእኔ ግን የልጄን ፀጉር ላለማስነካት በቂ ሆኖልኛል። ሹሩባዋን ትሠራለች።

የቤት ውስጡም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀባም። ፊት ላይ ሎሚ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያቃጥል፣ ጥቁረትም ሊተው ይችላል።

6. አሁን እየተቀባችሁ ከሆነ

ስቴሮይድ ያለበትን ለወራት ከተቀባችሁ በራሳችሁ ጊዜ ድንገት አታቁሙ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ክሬሙን ከነማሸጊያው፣ ማሸጊያም ከሌለው ከነዕቃው ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። አትፈሩ፣ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ይዞ ይመጣል። ሜርኩሪ ከጠረጠራችሁ ግን ወዲያው አቁሙ። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ልጅ ከማይደርስበት አኑሩት፤ ትራስና ፎጣውን ለዩ፤ ለሐኪሙም ንገሩ።

የእኔ ፊት ወደ ቀድሞው ለመመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ሐኪሙ ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ እያሳነሰ አስቆመኝ። ማድያቱ ቀለል ብሏል እንጂ አልጠፋም። አሁን መታጠቢያዬ መደርደሪያ ላይ ያለው ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ከፋርማሲ የገዛሁት የፀሐይ መከላከያ ነው። ባርኔጣዬ በሩ ላይ ተሰቅላለች።