ድመትን በገመድ ይዞ ከቤት ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ድመት በጓሮና በጣሪያ ላይ እንደ ልቧ ስትዘዋወር ማየት የተለመደ ነው። ሆኖም ባለቤት የሌላቸው ውሾችና ባጃጆች በበዙበት ሰፈር የሚኖር ሰው ድመቱን ዘግቶ ከማስቀመጥ ይልቅ በደረት መታጠቂያና በገመድ ይዞ ቢያወጣት መልካም ያደርጋል፤ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ድመትን እንደ ውሻ ለመምራት ሲሞከር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ገመዱን በአንገት ማሰሪያ ላይ ማያያዝ ነው። እንዲህ የታሰረ ገመድ በተሳበ ቁጥር ጉሮሮዋን ይጫናል፤ ከዚህም በላይ ድመት ስትደነግጥ ወደ ኋላ ስለምታፈገፍግ ጭንቅላቷን በቀላሉ ታሾልካለች። መታጠቂያው አንገቷንና ከፊት እግሮቿ በስተኋላ ያለውን ደረቷን የሚይዝ፣ በጨርቁና በሰውነቷ መካከልም ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ መሆን አለበት። ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ከፊት ለፊቷ ሆነው ገመዱን በቀስታ ይሳቡ፤ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ አንድ እግሯ እንኳ ከወጣ ልኩ አልተስተካከለም ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ጥድፊያ ነው። መታጠቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰች ድመት ብዙውን ጊዜ በጎኗ ትጋደማለች፣ ወይም ሆዷን መሬት አስነክታ እየተሳበች ትሄዳለች፤ ይህን ያዩ ሰዎች ጉዳት የደረሰባት እየመሰላቸው ሐሳባቸውን ይተዋሉ፣ አለዚያም «ውጭ ስትወጣ ይለቃታል» ብለው ይዘዋት ይወጣሉ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ዕቃው ለጥቂት ቀናት ከምግብ ሳህኗ አጠገብ ይቀመጥና ታሽትተው፤ ቀጥሎም ቁራጭ ሥጋ እየበላች ሳለ ለጥቂት ደቂቃ ይታሰርላትና ይፈታ። ጅራቷን አቁማ በቤት ውስጥ እንደ ወትሮዋ እስክትዘዋወር ድረስ ከበር መውጣት የለባትም።

በር ላይ ደግሞ ብዙዎች ልብ የማይሉት ነገር አለ። በራሷ እግር ደፍ ተሻግራ መውጣት የለመደች ድመት በሩ በተከፈተ ቁጥር ያለ ገመድ መሮጥ ትጀምራለች። ስለዚህ ሁልጊዜ በቅርጫት ወይም በክንድ ይዘዋት ይውጡና ውጭ ያስቀምጧት።

ቦታና ሰዓት አለመምረጥም ትልቅ ጥፋት ነው። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለው መንገድ ለሰው ሽርሽር ያማረ ቢሆንም በመኪና፣ በባጃጅና በእግረኛ ለተጨነቀች ድመት አይሆንም፤ ቅዳሜ ገበያም እንዲሁ። ውሾች የሚሰበሰቡበት የሥጋ ቤት አካባቢ ፈጽሞ አይሞከርም። ጥር 10 እና 11፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው ሲመለሱ፣ ከተማው በከበሮና በእልልታ ስለሚሞላ ድመት ቤት ብትውል ይሻላል። ለጀማሪ የሚበጀው አጥሩ የተሟላ፣ ሣርና ጥላ ያለው የራስ ግቢ ነው።

ውጭ ከሆኑ በኋላ ገመዱን አይጎትቱ፤ መንገዱን የምትመርጠው እሷ ናት። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ቆማ ለረጅም ጊዜ ብታሸት ሽርሽሩ ያ ነውና ይታገሷት። ከዛፍ ወይም ከአጥር ጋር አስሮ ዘወር ማለት ግን አደገኛ ነው፤ ለመውጣት ስትዘል ተንጠልጥላ ልትቀር ትችላለች።

ጆሮዋ ከተለጠፈ፣ ጅራቷ ከተነፋ ወይም አፏን ከፍታ ካለከለከች ጊዜው አብቅቷል። በፍርሃት ላይ ያለችን ድመት በባዶ እጅ ማቀፍ ለከባድ ንክሻና ጭረት ስለሚዳርግ ወፍራም ፎጣና ክዳን ያለው ቅርጫት ከእጅዎ አይለይ፤ ውሻ ከሩቅ ሲታይ፣ ሳይቀርብ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ያስገቧት።

ያለ ክትባት መውጣት ደግሞ ጨርሶ አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም በድመት በኩል ሰውንም ይይዛል፤ ክትባቱ ሦስት ወር ከሞላት በኋላ ተሰጥቶ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ቀጣዩንም ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ይወስናል። የማይታወቅ ውሻ ወይም ድመት ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።