ቫርጌት ሲጠፋ ምትክ ባሩድ እንዴት መረጥኩ

አምና ጥቅምት ሊገባ ሲል ባሩድ ልገዛ ወጣሁ። ቫርጌት የሚባለው ባሩድ የሚደረደርበት ቦታ ወና ነው። የአደን ወቅት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ቤት ያለችኝ ደግሞ የጣሳ ትራፊ ናት። እዚህ ኮሎራዶ የተተኮሰ ቀለሃ ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት እንደ አሳ ማጥመድ ነው፤ ማንም አይገረምብህም። ባሩድ ሲጠፋ ግን ሁላችንም እንቅበዘበዛለን።

ሻጩ ደግ ሰው ነው። "4895 ይሠራልሃል" ብሎ አንድ ፓውንድ አቀበለኝ። ቤት ገብቼ የአሞላል መጠን የሚነግረውን ማኑዋል ስገልጥ ነው የነቃሁት። ያየሁት ገጽ ኤች 4895 ይላል፤ እጄ ላይ ያለው አይኤምአር 4895 ነው። ፊደሎቹ የባሩዱ ዓይነት መለያ ናቸው፦ ቁጥሩ አንድ፣ ባሩዱ ሁለት። 4831 የሚባለው ባሩድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አይኤምአሩ ከኤቹ ፈጥኖ ስለሚነድ፣ በኤቹ ልክ ከሞላኸው ግፊቱ ከገደብ ያልፋል። ጣሳው ላይ ፊደሉንም ቁጥሩንም አንብብ።

ከዚያ በኋላ መንገዴን ቀየርኩ። ሱቅ ከመሄዴ በፊት ማኑዋሉን እከፍታለሁ። የኔ ጠመንጃ የሚተኩሰው .308 የሚባለውን ጥይት ነው፤ አረሬ 165 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ ናት)። በዚህ ጥምረት የተሞከሩትን ባሩዶች ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ ኤች 4895፣ አይኤምአር 4064፣ ሪሎደር 15 እና የመሳሰሉትን። አራት አምስት ስም ይዘህ ከሄድክ አንዱ አይጠፋም።

ብዙ ሰው ባሩዶችን በመንደድ ፍጥነት የሚደረድረውን ሰንጠረዥ አይቶ "ቫርጌት አጠገብ ነው፣ ያው ነው" ይላል። ሰንጠረዡ እንደ ሩጫ ውጤት ነው። ማን እንደቀደመ ይነግርሃል እንጂ በስንት ሰከንድ እንደቀደመ አይነግርህም። ጎረቤት ስለሆነ ብቻ የአንዱን መጠን ለሌላው መስጠት የለም።

እኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን፦ ሁሉንም "ባሩድ" እንላለን። የድሮው ጥቁር ባሩድና የዛሬው ጭስ አልባው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለጥቁሩ በተሠራ ጠመንጃ ጭስ አልባውን የሞላ ሰው ጠመንጃው ቢፈነዳበት አይገርመኝም። ግሬንና ግራምም ጆሮ ላይ ይመሳሰላሉ። አንድ ግራም ከ15 ግሬን ይበልጣል፤ ሚዛንህ በየትኛው እንደቆመ ሁልጊዜ እይ።

በመጨረሻ የወሰድኩት 4064ን ነው። አንደኛ፣ ቀለሃውን እስከ አንገቱ ይሞላል። ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምር ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤ ወዲያው ታውቃለህ። ሁለተኛ፣ ሱቁ ውስጥ ተመሳሳይ የምርት ቁጥር ያላቸው፣ ማለትም ከአንድ ዙር ምርት የወጡ፣ ሁለት ጣሳዎች ነበሩ። ክፉ ጎኑ ፍሬው ረጅም ነው፣ እንደተቆራረጠ ፓስታ። ባሩድ በሚሰፍረው መለኪያ ውስጥ ይሰነቀርና "ክርክ" ይላል፣ መጠኑም ይዛባል። ስለዚህ እያንዳንዷን በሚዛን እመዝናለሁ። ሃምሳ ጥይት አንድ ምሽት ይፈጃል፤ ባለቤቴ "ቡና ስትለካ እንዲህ ብትጠነቀቅ" ትለኛለች።

ብርድና ሙቀትም አስብ። ቫርጌት የሙቀት ለውጥ ብዙም አይነካውም፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን ሐምሌ ላይ ሞክረህ ልክ ብትላቸውም፣ ኅዳር ብርድ ላይ የጥይቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ኢላማዬን የማስተካክለው በማድንበት አየር ነው።

አሞላሉ ላይ አልቸኩልም። ማኑዋሉ ከሰጠው መነሻ እጀምራለሁ፤ መነሻ ካልሰጠ ከከፍተኛው 10 በመቶ እቀንሳለሁ። ከዚያ በግማሽ ግሬን እየጨመርኩ ሦስት ሦስት እተኩሳለሁ። ከእያንዳንዷ ጥይት በኋላ ቀለሃውን አነሳና ቂጡን አያለሁ። ፕራይመሯ፣ ማለትም መሃል ላይ ያለችው መለኮሻ፣ ጠርዟ ክብ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ተጨፍልቃ ቀዳዳዋን ከሞላች፣ ወይም ቦልቱን (የጠመንጃውን መዝጊያ) ለማንሳት መዳፌን መጠቀም ካስፈለገኝ፣ እዚያው አቆማለሁ። ማኑዋሉ ገና ይፈቅዳል ቢልም አቆማለሁ። የተረፉትን ጥይቶች ቤት ወስጄ እፈታቸዋለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሥራ ሳቆም መለኪያው ውስጥ የቀረውን ወደ ራሱ ጣሳ እመልሳለሁ፤ ወደ ሌላ ዕቃ ፈጽሞ አላዞርም። ጣሳው ሲከፈት የሚኮመጥጥ ሽታ ካለው ወይም ቀይ አቧራ ካየሁበት ባሩዱ ተበላሽቷል፤ አልጠቀምበትም።

አራተኛው ሙከራ ላይ 100 ያርድ ላይ የሦስቱ ጥይቶች ቀዳዳ በአንዲት የሳንቲም ገንዘብ ተሸፈነ። ያቺ አይኤምአር 4895 እስካሁን አልተከፈተችም። ባሩድ ከተሸጠ ሱቁ አይመልስም። ማኑዋሉ ውስጥ የራሷ ገጽ አላት፤ ለበጋ አስቀምጫታለሁ።