ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ፦ የአጭር መንገድን መስመርና ስም አጣርቶ ለመመዝገብ

ከስሙ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ለዩ። በግንብ በታጠረችው የሐረር ጥንታዊ ከተማ በጀጎል፣ ከሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ አደባባይ የሚያደርሰው «አንደኛ መንገድ» በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው። ሆኖም «የት ይጀምራል?» ሲባል አንዱ ከበሩ ቅስት ሥር፣ ሌላው ከግንቡ ውጭ ካለው የታክሲ መቆሚያ ይላል። የመረጣችሁትን ጫፍ በማይነቃነቅ ነገር አስሩት፦ የበር ምሰሶ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግንብ። ሐውልትና የሱቅ ማስታወቂያ አይታመኑም። ከግንቡ ውጭ የነበረው የራስ መኮንን የፈረሰኛ ሐውልት በሰኔ 2012 ፈርሷል፤ «ከሐውልቱ በስተቀኝ» የሚል የቆየ ጽሑፍ ዛሬ የትም አያደርስም።

ርዝመቱን በስልክ ጂፒኤስ ብቻ አትለኩ። ጀጎል ውስጥ ግድግዳው ከፍ፣ መተላለፊያው ጠበብ ስለሚል ምልክቱ ከግንብ ወደ ግንብ እየነጠረ ከ5 እስከ 10 ሜትር ይስታል። ይህ ከብዙዎቹ መተላለፊያዎች ስፋት ይበልጣል፤ ካርታው ላይ በሰው ሳሎን ውስጥ አልፋችሁ ትገኛላችሁ። ባለ 50 ሜትር ሜትር ይዛችሁ ለሁለት ሆናችሁ ለኩ፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቁጥር አስፍሩ፣ ከዚያ በተቃራኒው ተመልሳችሁ ድገሙት። ሁለቱ ልኬቶች ከ1 ሜትር በላይ ከተለያዩ ሜትሩ ረግቧል ወይም አንድ መታጠፊያ ተዘልሏል። ማለዳ፣ ገበያው ሳይሞላ ሂዱ።

አሁን ስሙ። የጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች የሐረሪ ስምም የአማርኛ ስምም አላቸው፦ አስማዲን በሪ ሸዋ በር ነው፣ በድሮ በሪ ቡዳ በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አሱም በሪ ፈላና በር። አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም። ሸዋና ኤረር መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ይናገራሉ። ስለዚህ «ትክክለኛው ስም የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ ስም ማን፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠራበት ጻፉ። በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ያየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን አምስት በሮችን ዘግቧል፤ ሐረር በር ለመኪና የሚያመች ስድስተኛ ሆኖ ኋላ የመጣ ነው።

ይህ በር የዱክ በርም ይባላል፤ ብዙ ጽሑፍ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ሐረር ሁለት መኮንኖችን ታውቃለች። ራስ መኮንን ከምኒልክ የጨለንቆ ድል በኋላ ከተማዋን ያስተዳደሩትና በ1898 ያረፉት ናቸው። የልጃቸው ልጅ ልዑል መኮንን ደግሞ «መስፍነ ሐረር» (መስፍን በእንግሊዝኛ ዱክ ነው) ተብለው በ1949 አረፉ። «በመኮንን ስም ተሰየመ» የሚል መረጃ ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ሳታስለዩ አትመዝግቡ፤ በመካከላቸው ግማሽ ክፍለ ዘመን አለ።

የቃል ወጥመድም አለ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚወርደው «መኪና ግርግር» የተባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከተሽከርካሪ አይደለም። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ፔዳሉን ሲረግጡ የሚወጣው ድምፅ። ቆማችሁ ብታዳምጡት ስሙ ራሱን ይተረጉማል። በጽሑፍ ብቻ የሠራ ሰው ግን «የመኪና መጨናነቅ ያለበት ጎዳና» ብሎ ያርፋል።

አዛውንት ስትጠይቁ «የዚህ መንገድ ስም ምንድን ነው?» አትበሉ፤ ወረቀት ላይ ያለውን ሊነግሯችሁ ይችላሉ። «ልጅ ወደ ሱቅ ሲላክ በየት ሂድ ይባላል?» በሉ። የባጃጅ ሹፌር የሚጠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመቆሚያውን ስም ስለሆነ ለብቻው ያዙት።

የፈረንጆችን ዓመት ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት ስትመልሱ በጭፍን 7 አትቀንሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ ፈረንጆች ጥር ከገቡ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። የጨለንቆ ጦርነት በፈረንጆች ጥር 1887 ስለሆነ በእኛ 1879 ነው፤ 1880 ብለው የሚጽፉት 7 ቀንሰው ነው። ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረበት ሐምሌ 2006ም በእኛ 1998 ነው። የሂጅራ ቀን ካጋጠማችሁ ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ የማይለወጥ ልዩነት የለውም፤ በማስሊያ ሰንጠረዥ አመሳክሩትና በምንጩ ላይ ያለውንም የሂጅራ ቀን አብራችሁ አስቀምጡ።

መዝገቡ በመስመር ይሂድ፦ ስም፣ ቋንቋ፣ ከየት እስከ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ማን እንደነገራችሁ። ዛሬም ለሚጠራበት ስም «እስከ መቼ» የሚለውን ባዶ ተዉት። አዲስ ታፔላ ሲሰቀል የድሮውን መስመር አትሰርዙ፤ አዲሱን ከሥሩ ጨምሩ።